ዘይነባ ሦስት ጊዜ ትጠይቅ ነበር

ልብስ ሰፊው አቶ ደምሴ ሲደውሉልኝ አንዴ አስጠርተው ይዘጋሉ። መልሼ እንድደውል ነው። አቃቂ በሰቃ ጎረቤት በነበርንበት ጊዜም፣ እኔ ዕጣ ደርሶኝ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ በኋላም ከዚህ ልማዳቸው ወጥተው አያውቁም። ባለፈው ጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ ግን ስልኩ ጠራ፤ ጠራ፤ አልተዘጋም። ገና ሳላነሳው ደግ ወሬ እንዳልሆነ ገባኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ዘይነባ አረፈች» አሉኝ።

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ። ወሎ፣ እናቷ ዘንድ ሆና። በዕለቱ ቀብረዋታል። እኛም የሰማነው ገና ዛሬ ጠዋት ነው።»

እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልል አሰብኩና ማንን እንደማጽናና አጣሁ። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ አቃቂ ውስጥ የነበርናት እኛው ነን። አቶ ደምሴም አፍንጫቸውን ጠረግ አደረጉ። ከዚያ «በሉ፣ እየቆጠረብኝ ነው» ብለው ዘጉ። ድምፃቸው ደህና አልነበረም።

ሰው ሲሞት ደግነቱ ይወራል። ዘይነባ ደግ ነበረች ብዬ ብጽፍ ውሸት አይሆንም፤ ግን በዕድሜዬ ብዙ ደግ ሰው አይቻለሁ፣ ብዙዎቹንም ረስቻለሁ። ዘይነባን የማልረሳት በአንድ ጥያቄዋ ነው።

ሱቋ አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጀርባ፣ ጥቃቅንና አነስተኛ ተብሎ በተሰጠው የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው የአቶ ደምሴ የስፌት ቤት፣ ሦስተኛው የሷ። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ስለነበር የልብስ መኪናው ሲንቀሳቀስ የሷ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሩ ላይ «ዘይነባ የሞባይል ጥገና» ተብሎ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው መጀመሪያ የባለሱቁ ስም ማን እንደሆነ ጠየቃት አሉ።

«ዘይነባ» አለችው።

«የሱን ነው የጠየቅኩሽ፣ የሠራተኛውን። የባለሙያውን።»

«እሱም ዘይነባ ነው።»

ይህን አቶ ደምሴ ናቸው የሚያወሩት፤ ባወሩት ቁጥር ደግሞ ይስቃሉ። እሷ አትስቅም ነበር። ቀጭን፣ አጠር ያለች፣ ወደ አርባ የተጠጋች ሴት ናት። መነጽሯን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ቀኝ እጇ ላይ፣ ከአንጓዋ በላይ፣ የካውያ ጫፍ የመሰለ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። አረብ አገር ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ጠባሳውን አትሸፍነውም፤ ስለሱም አታወራም። ሙያውንም የቀሰመችው እዚያው ነው። የማዳሟ ወንድም የስልክ ሱቅ ነበረው፤ እሷን ዓርብ ዓርብ ሱቁን እንድታጸዳ ይወስዷት ነበር። ወለል እየወለወለች ዓይኗን ከጠረጴዛው ላይ ሳታነሳ ተማረች። በኋላ ወንድምየው ያቃተውን ስልክ ለሷ ይሰጣት ጀመር።

አንድ ስልክ ሲመጣላት በሻርፗ ጫፍ ትጠርገዋለች። ከዚያ የሞተም ቢሆን ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች። አንድ ቀን ምን እንደምትሰማ ጠየቅኳት። «ዝም ማለቱን» አለችኝ። ሲፈታ የሚወጡትን ትናንሽ ብሎኖች በቫዝሊን ክዳን ውስጥ በወጡበት ቅደም ተከተል ክብ አድርጋ ትደረድራለች። ያንን ክዳን አቶ ደምሴ አንዴ በክርናቸው ደፍተውባት አንድ ሳምንት ሙሉ አላነጋገረቻቸውም።

በዚያን ጊዜ ታች የሚባለው በጣት የሚነካ ስልክ ገና መግባቱ ነበር። አብዛኛው ከውጭ አገር በዘመድ የሚመጣ ነው። ከሚመጣውም ብዙው የተቆለፈ ነበር፤ ለዚያ አገር የስልክ ድርጅት ብቻ ተዘግቶ የተሠራ ስለሆነ የእኛን ሲም ካርድ አይቀበልም። ያንን ማስከፈት «ዲኮድ ማስደረግ» ይባላል። ቢከፈትም አማርኛ አያሳይም፤ ፊደሉ በሚኖርበት ቦታ ባዶ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ዘይነባ ሁለቱንም ታደርግ ነበር። ስልኩን ከላፕቶፗ ጋር በገመድ አገናኝታ፣ ፋብሪካው ለገዢው የዘጋውን በር ትከፍትና የግዕዙን ፊደል ታስገባበታለች።

«ይሄማ ክልክል ነው፤ ካምፓኒው ዋስትናው ይቀራል ይላል» አላት አንድ ቀን አንድ የቢሮ ሰው።

«ከፍለው ነው የገዙት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የእርስዎ ነው። የእርስዎ ከሆነ በእርስዎ ቋንቋ ይናገር እንጂ፤ ምን ያኮራዋል?»

ከሠራሁበት የአቃቂ ፋብሪካ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እዚያ ሼድ ደጃፍ እቀመጥ ነበር። የምሠራው አልነበረኝም፤ ዘይነባም ወሬ ስለማትወድ ተስማማን። ወደ አረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች ሊጠይቋት ይመጡ ነበር። ስለ ማዳም አልነበረም ምክሯ፤ ስለ ስልክ ነበር።

«እዚያ ሁለት ዓይነት አለ» ትላቸዋለች። «አንደኛው ዋጋውን ባንዴ ከፍለሽ የፈለግሽውን ሲም የምትከቺበት ነው። ሁለተኛው በኮንትራት ነው፤ ስልኩን ይሰጡሽና ሁለት ዓመት በየወሩ ትከፍያለሽ። እሱ ያብረቀርቃል፤ እንዳትሞኚ። ለኮንትራቱ የነዋሪ ወረቀት ይጠይቁሻል፤ የለሽም። ያኔ ማዳም በስሜ ላውጣልሽ ትላለች። በማዳም ስም የወጣ መስመር ማዳም የተቆጣች ቀን ይዘጋል። ርካሿን ስልክ ግዢ፤ ግን ያንቺ ትሁን።»

ይህን ስሰማ ልጄ ሰናይት አረብ አገር ከሄደች ዓመት አልፏት ነበር። ሰናይት ስልኳን በሁለተኛው መንገድ ማውጣቷን ከሳምንት በፊት በስልክ ነግራኝ ነበር። «ባንዴ በሚከፈለውማ እንዲህ ያለ ቆንጆ ስልክ አይደርሰኝም እማ፤ ማዳም በስሟ አወጣችልኝ። ስልኩን ላንቺ ነው የምልከው፣ ሲሙን በአሮጌዋ እጠቀምበታለሁ» ብላኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልምጣ።

ስልክ ስትቀበል «ውስጡ ምን አለ?» ትላለች። ባለቤቱ መልስ ይሰጣል። የጀርባ ክዳኑን ስታነሳ እንደገና «ውስጡ ምን አለ?» ትላለች። በመጨረሻም ሁሉም ተዘጋጅቶ፣ ጣቷ ላፕቶፑ ላይ እያለ፣ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች ለሦስተኛ ጊዜ ትጠይቃለች። ስም ካልሰጡት አትቀበልም። የልጄ ክርስትና፣ የእናቴ ፎቶ፣ የሥራ ቁጥሮች፣ እንዲህ ተብሎ በአፍ መነገር አለበት። ከዚያ የተባለውን ትገለብጥና ነው ሥራ የምትጀምረው።

አቶ ደምሴ በግድግዳው ማዶ ሆነው ይሳለቁባታል። «ኧረ ዘይነባ፣ ንስሐ አባት ሆነሽ አረፍሽው እኮ!»

«እኔ ሙስሊም ነኝ ጋሽ ደምሴ። ንስሐውን እዚያው ጨርሳችሁ ኑ፤ የስልኩን ብቻ ንገሩኝ።»

የሰናይት ስልክ ከአረብ አገር በተመለሰች አንዲት ሴት እጅ መጣልኝ። ስከፍተው ሲሜን አልቀበል አለ። ሰናይት ግን ይህን አውቃ ነበር። ስልኩ ውስጥ ድምፅዋን ቀርጻ ልካልኛለች፤ ድሮ በካሴት እንደሚደረገው። ከሴትየዋ ጋር «ቀዩን የማይክ ሥዕል ንኪው በሏት» ብላለች። አሥራ አራት ነበሩ። ዕቃ እያጠበች ነው የምታወራው። ጣሪያችን ያፈስስ ስለነበር ስለ ጣሪያው ትጠይቃለች፤ ዝናቡ ይመጣል፣ አሠሪው ትላለች። ስለ ማዳሟ ልጆች ትነግረኛለች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ደረቷን እንደሚያማት፣ ስታስል ደም እንዳየች ነገረችኝ። «ለማዳም አልተናገርኩም። ካወቀች ትመልሰኛለች። ትንሽ ልቆይና አስተካክላለሁ። እማ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

አልነግርም አልኩ፤ ሰው እንደሚሰማኝ፣ ለስልኩ።

ዲኮድ ላስደርገው ለዘይነባ ወሰድኩት። በሻርፗ ጠረገችው፣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ውስጡ ምን አለ እትዬ አስካለ?»

«ምንም።»

ክዳኑን አነሳች። «ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም አልኩሽ እኮ። አዲስ ነው።»

ከላፕቶፑ ጋር አገናኘችውና ቀና አለች። «ይሄ ዓይነቱ ሲከፈት ያለው ሁሉ ይጠፋል። ቀድሜ ልገልብጥ እችላለሁ። ውስጡ ምን አለ?»

ልትገለብጠው ከሆነ ልትሰማው ነው ብዬ አሰብኩ። እሷ ደግሞ ያንን አገር ታውቃለች፤ የምታውቃቸው ሰዎች አሉ፤ ወሬው ከአፍ አፍ ማዳሟ ዘንድ ይደርሳል። ይጠፋል ያለችውንም አላመንኳትም። እኔን ለማናገር የተናገረችው መሰለኝ።

«ምንም የለበትም» አልኩ።

ገመዱን ነቀለችው። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ወደ እኔ ገፋችው።

«አልነካውም።»

«ለምን?»

«ሲሰጡኝ እጅዎ ቶሎ አልለቀቀውም። ይሂዱና ያስቡበት፤ ነገ ያምጡት።»

የልብስ መኪናው ድምፅ ቆሟል። አቶ ደምሴ እየሰሙ ነው። «እትዬ አስካለ፣ ምን ደብቀው ነው? የድሮ ወዳጅ ፎቶ እንዳይሆን!» አሉና ሳቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀላል ቀልድ ነው። ያን ቀን ግን ፊቴ ጋለ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሰው ምስጢር የሞላበት የሕመም ካርድ ስይዝ አንድ ቀን ስሜ አልተነሳም፤ አሁን በጡረታዬ ውሸታም ተባልኩ ብዬ ስልኩን በቦርሳዬ ከተትኩና ወጣሁ።

ታክሲ ይዤ ቃሊቲ ሄድኩ። እዚያ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ አንድ ሰው ምንም ሳይጠይቀኝ ተቀበለኝ። አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ሲሜን ጨምሮ ደውሎ አሳየኝና ሰጠኝ። ስልኩ ከፋብሪካ እንደወጣ ንጹሕ ሆኗል። ቀዩን የማይክ ሥዕል ፈለግኩና ነካሁት። ባዶ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ለማን እነግራለሁ? ልጄ በሕይወት አለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ትደውላለች፤ ድምፅዋ ይመጣል አልኩ። ከዘይነባ ፊት ግን ያንን ስልክ አላወጣም። በሼዱ በኩል ሳልፍ አሮጌውን ባለቁልፍ ስልኬን ነበር የምይዘው። በሸመገልኩበት ዕድሜ ከአንዲት ስልክ ጠጋኝ ስልክ ደበቅኩ። እሷም ነገ ያምጡት ያለችኝን ደግማ አላነሳችውም።

ልጄ በጠና ስትታመም ማዳሟ መስመሩን አዘጋችው። የመጨረሻዎቹን አምስት ሳምንታት ድምፅዋን አልሰማሁም። ከዚያ መርዶ መጣ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዘይነባ ለለቅሶው ሦስት ቀን መጣች። ጓዳ ገብታ ዕቃ ታጥባለች። በሁለተኛው ቀን መደርደሪያው ላይ የነበረው የሰናይት ስልክ ጠራ። ከእጇ ላይ ውኃውን እያራገፈች ብቅ አለች። ስልኩን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ተመልሳ ገባች።

አርባው ከወጣ በኋላ ብቻዋን ቤቴ መጣች። ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገብታ የመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ አስካለ፣ አንዴ እንደገና ልጠይቅዎ» አለችኝ። «ውስጡ ምን ነበረ?»

ነገርኳት። አሥራ አራቱንም ነገርኳት፤ የዕቃውን ድምፅ፣ ጣሪያውን፣ ደረቷን። እንዳትነግሪብኝ ያለችውንም። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ዘይነባ ጠባሳዋን በአውራ ጣቷ እያሸች ሰማችኝ።

«የት ከተማ ነበረች?» አለች ስጨርስ።

ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነች። እዚያ ከተማ የምታውቃቸው ሴቶች እንደነበሩ፣ የታመመች ልጅ ከሰው ቤት አውጥተው ሐኪም ቤት እንደሚወስዱ፣ በኋላ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። እሷ አንድም ቀን አልተናገረችም።

ይልቅ ስለ ራሷ ነገረችኝ። እዚያ አገር ሳለች በመጀመሪያ ብቻዋን የከፈተችው ስልክ የአንዲት የአገሯ ልጅ ነበር። ውስጡ ምን አለ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ምንም አለቻት። አጠፋችው። ለካ አገር ቤት የሞተ ልጇ ፎቶ ነበረበት፤ ሌላ ፎቶ የላትም። «አልጮኸችም፤ አልሰደበችኝም» አለች ዘይነባ። «ስልኩን አገላብጣ አየችውና ‹ምንም አልነበረም› አለችኝ እንደገና። እትዬ አስካለ፣ ሰው ምንም የሚለው ለትልቁ ነገር ነው። እኔ ያን ቀን ልጫንዎት ይገባ ነበር። አስከፋሁዎት ብዬ ፈራሁ።»

ጥፋቱን ወደ ራሷ ወሰደችው። እኔም ዝም ብዬ አስወሰድኳት። ይህን ዛሬ መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ያኔ የሆነው ይኸው ነው።

ስልኩን ይዛ ሄደች። ሁለት ወር ያህል እሷ ዘንድ ቆየ። ሥራዋን ስትጨርስ ታወጣዋለች። የተዘጋውን በር ሁሉ ከፍታ ከሥሩ ገባች አሉኝ አቶ ደምሴ፤ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ለአንድ ደንበኛ ስታስረዳ ሰማሁ። «የጠፋ ነገር ያን ዕለቱን አይጠፋም። ቦታው ባዶ ነው ይባላል እንጂ እዚያው አለ። ስልኩን መጠቀም ከቀጠላችሁ ነው አዲሱ በላዩ እየተጻፈ የሚበላው። ስለዚህ አጥፍታችሁ ቶሎ—» እዚህ ላይ አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወሬውን ቀየረች።

እኔ ሰባት ወር ተጠቅሜበታለሁ። መዝሙር፣ የዘመድ ሰርግ፣ የማይረባውን ሁሉ ሞልቼበታለሁ። ከቃሊቲ በወጣሁበት ዕለት ይዤላት ብመጣ ኖሮ ሁሉንም ታገኘው ነበር። እሷ ይህን ከመጀመሪያው ታውቃለች። አልነገረችኝም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት ጠራችኝ። «ይግቡ» አለችና ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ወደ ግድግዳው ዞራ «ጋሽ ደምሴ፣ መኪናዎን ለአንድ ደቂቃ» አለች። መኪናው ቆመ። አቶ ደምሴ በዚያ ቀን አልቀለዱም።

ማዳመጫውን ሰጠችኝ። «ከአሥራ አራቱ አንዷ ብቻ ናት የተረፈችው፤ እሷም ቁራጭ ናት። ዘጠኝ ሰከንድ» አለች።

«ሰማሽው?» አልኳት።

«አልሰማሁትም። ድምፅ መሆኑን ላፕቶፑ ላይ በሚወጣው ወጣ ገባ መስመር ነው ያየሁት።» ገመዱን እያስተካከለች «ስገለብጥም አልሰማም እትዬ አስካለ። የማንንም ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ።

ማዳመጫውን በእጄ እንደያዝኩ ቆየሁ። ያን ሁሉ ያደረግኩት እንዳትሰማ ብዬ ነበር።

ከዚያ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ውኃ ይወርዳል። ሳህን ሳህን ላይ ሲቀመጥ ይሰማል። ከዚያ ሰናይት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። «እማ፣ ይሰማል? ጣሪያው እንዴት—» ትላለች። እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ዘይነባ በር ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ ነበር፤ ሰው እንዳይገባ። ስንት ጊዜ እንዳዳመጥኩት አላውቅም። ስነሳ አልዞረችም።

ከዚያ በኋላ ስልኩን እንደገና ሦስት ቀን ወሰደችው። ሲመለስ ሌላ ስልክ ሆኗል። ፊደሉ ሁሉ አማርኛ ነው፤ ለዓይኔ እንዲመች አግዝፋዋለች። በጎን ያለውን ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ ረዘም አድርጌ ስጫነው፣ የትም ሳልፈልግ፣ ዘጠኙ ሰከንድ ይሰማል። ፋብሪካው ይህን አያደርግም፤ እሷ ናት ያስተማረችው። እንዳይጠፋም ሁለት ትናንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጣ በትንሽ ላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከሁሉም የገረመኝ ግን ስልኩ ተዘግቶ ሲከፈት ነው። ሁሉም ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ የሠራውን ፋብሪካ ስም ያሳያል። ዘይነባ ያንን አንስታ በነጭ ፊደል እንዲህ ጽፋበታለች፦

«ውስጡ ሰው አለ። ሳትጠይቁ አትንኩ።»

«የፋብሪካውን ስም እኮ አጠፋሽው» አልኳት።

«እነሱ ሠሩት እንጂ ምን አውቀውት» አለችኝ።

ወደ ቱሉ ዲምቱ ከገባሁ በኋላ በወር አንዴ፣ በሁለት ወር አንዴ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ከበላዬ ሌላ ሰው ይኖራል፤ የሚያፈስስ ጣሪያ የለኝም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ስሄድ ፊቷ አብጦ አገኘኋት። እግሮቿ ጫማዋ አልበቃ ብሏቸው ነጠላ ጫማ አድርጋለች። የቫዝሊን ክዳኑ ባዶ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም አይደለም፤ ትንሽ ድካም ነው። እናቴ ዘንድ ሄጄ ልረፍ።»

«በይ ይሻልሽ» አልኩና ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው «ምንም» ማለቷ የተሰማኝ። ወርጄ መመለስ እችል ነበር። ዘነበ፤ ታክሲውም ሄደ። እሷ ሰውን ሁሉ ሦስት ጊዜ ትጠይቅ የነበረችውን እኔ አንዴ ጠይቄ ተውኳት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

የዘይነባ መርዶ ከመጣ ሳምንት አልፎት ስልኩ ባትሪው አብጦ ክዳኑ ይነሳ ጀመር። አቃቂ ልሄድ አሰብኩና ወደ ማን እንደምሄድ ትዝ አለኝ። እኛው ሕንፃ ሥር ስልክ የሚጠግን አንድ ሰው አለ፤ ጢሙ የሸበተ፣ ከራሱ ጋር የሚያጉተመትም ሰው። ባትሪውን ቀይሮ አበራው። ጽሑፉ ሲወጣ ማጉተምተሙን አቆመ። አንብቦት እጁን ከስልኩ ላይ አነሳ። መነጽሩን አስተካክሎ እንደገና አነበበው።

«እማማ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«ዘይነባ። የአቃቂዋ።»

«የሚገርም ሰው ነው የሠራው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ውስጡ ምን አለ?» አለኝ።

ሱቁ ውስጥ ካርድ የሚገዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ዞረው ያዩኛል።

«ልጄ አለች» አልኩት። «ዘጠኝ ሰከንድ ናት። ጣሪያው እንዴት ሆነ ብላ ትጠይቀኛለች።»

ዘይነባ ሦስት ጊዜ ትጠይቅ ነበር። እሱ የጠየቀኝ አንዴ ነው፤ በአንዴው መለስኩለት።